ችግኙ ተቆጠረ፣ የጅረቱ ዳርስ?

ልጅ ሆነን እንቁራሪት ስናይ አፋችንን ጥርቅም አድርገን ነበር የምንሮጠው። ጥርሳችሁን ከቆጠረችው ይረግፋል ተብለናላ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከቤታችን ጀርባ አንዲት ቀጭን ውሃ ትወርድ ነበር። ስም እንኳ የላትም፤ «ጅረቷ» ነው የምንላት። ክረምት ሲገባ ማታ ማታ ከእሷ የሚነሳው ጩኸት ሬዲዮ አያሰማም።

አያቴ እንቁራሪት ላይ ድንጋይ ስንወረውር ካየች አትምረንም። ነቢዩ አትግደሏት ብለዋል ትላለች። እውነትም ሐዲስ አለው፤ አንድ ሐኪም ለመድኃኒት ላውላት ብሎ ቢጠይቅ ነው የተከለከለው። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ ጓጉንቸርን የሚያውቋት ከፈርዖን መቅሰፍት ነው፤ ቡሃቃ ውስጥ ሳይቀር እየገባች ግብፅን ያስመረረችዋን። ሁለቱ በአንድ ጀበና ቡና ላይ ስለ እንቁራሪት ሲከራከሩ ትዝ ይለኛል። ወሎ ነዋ።

ባለፈው ሰሞን ሰፈሩን ዞር ብዬ አየሁት። ጅረቷ በድንጋይና በሲሚንቶ ተገንብታ ቦይ ሆናለች። ውሃው አለ። መልኩ ባያምርም አለ። ወደ ጦሳ ተራራ ቀና ካላችሁ ዛፉም አለ፤ እንዲያውም ከልጅነቴ ይልቅ አሁን የበዛ ይመስለኛል። ጩኸቱ ግን የለም። ውሃ ካለ፣ ዛፍም ካለ፣ እንቁራሪቷ ምን ጎደላት?

ነገሩ የገባኝ ስለ አንዲት የሸዋ እንቁራሪት ሳነብ ነው።

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን አልፋችሁ ደብረ ሲና ትደርሳላችሁ። ከዚያ እስከ አንኮበር ገደሉን ይዞ የሚሄድ ደን አለ፤ ወፍ ዋሻ ይባላል። አንኮበር አጠገብ ደግሞ ሌት ማረፊያ የሚባል ቦታ አለ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር የሰጡት ቦታ ነው። ጣሊያኖቹ እዚያ ተቀምጠው ወፉንም፣ ቅጠሉንም፣ የሚሳበውንም ይሰበስቡ ነበር። ከእነሱ አንዱ ቪንቼንዞ ራጋዚ የሚባል ሐኪም ነው። እሱ ካጠራቀማቸው መካከል አንዲት የዛፍ እንቁራሪት ተገኘችና ቡሌንጀር የሚባል የእንስሳት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1896 ለሳይንስ አስተዋወቃት። ስሟንም በሐኪሙ ሰየማት። ዛሬ ሌፕቶፔሊስ ራጋዚ ትባላለች። ዓመቱን ልብ በሉልኝ። የአድዋ ዓመት ነው። ጣሊያን አድዋ ላይ አሸንፎ ያላገኘውን፣ ሐኪሙ በአንዲት የሸዋ እንቁራሪት ጀርባ ላይ ስሙን ጽፎ ቀረ።

ይቺ እንቁራሪት ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለችም። ብርቅዬ የምንለው ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ብቻ ስለሆነ ይኼ ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር ነው። በአገራችን ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የእንቁራሪት ዘመድ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ከ40 በመቶ ያላነሱት የእኛ ብቻ ናቸው። አሁንም አዲስ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከደጋችን የሣር እንቁራሪቶች መካከል አራቱ አዲስ ስም ወጥቶላቸዋል፤ የአንዷ ሳይንሳዊ ስም «ዶሮ» ነው። አልቀለድኩም።

ወደ ራጋዚዋ እንመለስ። የደጋ ደን ነዋሪ ነች። ከስምጥ ሸለቆው ወዲህም ወዲያም፣ በግርድፉ ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው ደን ውስጥ ትገኛለች። ደሴም ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ለእንዲህ ያለች ፍጥረት ባዕድ አይደለም። ወንዱ ከሴቷ ያንሳል። ዓይኗ ትልልቅ ነው፤ ብሌኑ እንደ ድመት ሽንጥር ብሎ ይቆማል። የእያንዳንዱ ጣቷ ጫፍ ጠፍጠፍ ያለች ክብ ናት፤ እንደ ቁልፍ። በዚያች ነው ቅጠልና ግንድ ላይ የምትለጠፈው።

ቆዳዋ የብቻው ጉድ ነው። እንቁራሪት ውሃ በአፏ አትጠጣም። በቆዳዋ ነው የምትመጠው፤ በተለይ በሆዷ በኩል። እርጥብ አፈር ላይ ልጥፍ ብላ ከተቀመጠች እየጠጣች ነው ማለት ነው። አየርም ቢሆን ሳንባዋ ብቻውን አይበቃትም፣ በቆዳዋ ታግዘዋለች። ስለዚህ ቆዳዋ መድረቅ የለበትም። አፈሩ ላይ የፈሰሰው፣ ውሃው ውስጥ የተበጠበጠው ሁሉ ሰተት ብሎ ሰውነቷ ይገባል። የእኛ ቆዳ የዝናብ ልብስ ነው፤ የእሷ ወንፊት ነው።

እኔን ያስደነቀኝ ግን የእንቁላሏ ነገር ነው። አብዛኛው ሰው እንቁራሪት እንቁላሏን ውሃ ውስጥ እንደምትጥል ያውቃል። ልክ ነው፣ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። የሌፕቶፔሊስ ወገኖች ግን ሌላ ልማድ አላቸው። ሴቷ ከዛፍ ወርዳ ውሃው ዳር ያለውን እርጥብ አፈር ትቆፍርና እንቁላሏን እዚያ ትቀብራለች። ውሃው ውስጥ አትገባም። አፈሩ ውስጥ የተቀበረው እንቁላል አስኳሉ ትልቅ ነው፣ ስንቅ ይዟል። ዝናብ ሲመጣ፣ መሬቱ ሲርስ፣ ግልገሎቹ ተፈልፍለው ይወጣሉ። ገና እግር የላቸውም። ረጅም ጭራ ብቻ ነው ያላቸው። በዚያች ጭራ እየተወራጩ፣ በረጠበ ቅጠልና በጭቃ ላይ እየተንሸራተቱ ጅረቱ ውስጥ ይገባሉ። እግር የሚያበቅሉት እዚያ ነው።

እስቲ ይቺን መንገድ በዓይነ ኅሊናችሁ ተከተሏት። ምናልባት ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። የወደቀ ቅጠል አለ፣ ቅጠሉ ሥር ጥቁር አፈር አለ፣ ከአፈሩ ወዲያ ሣር አለ፣ ከሣሩ ወዲያ ውሃ። እንቁራሪቷ መኖሯና አለመኖሯ የሚወሰነው በእነዚህ ሁለት እርምጃዎች ላይ ነው። ላይ ያለው ተራራ በሙሉ ደን ቢለብስ፣ ጅረቱም ኩልል ብሎ ቢወርድ፣ መሀል ያለችው እርጥብ ቁራጭ መሬት ከጠፋች አለቀ። እንቁላሉ የሚቀበርበት የለም። የሰፈሬ ጅረት እንቁራሪቶች የዛፍ ነበሩ እያልኩ አይደለም። የሣሮቹም ቢሆኑ ግን ሲሚንቶ ላይ የሚሆኑት ነገር የለም። ግልገሏ እግር አውጥታ ወደ ሣሩ ልውጣ ስትል የሚገጥማት አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው።

በነገራችን ላይ ከእነዚሁ «የዛፍ» ከሚባሉት ወገን ዛፍ የማትወጣም አለች። ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ ትባላለች። ሣር ሜዳ ላይ፣ መሬት ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ ነው የምትኖረው። ባሌ ተራሮች ላይ እስከ 3,900 ሜትር ድረስ ትወጣለች። ዛፍ ባይኖራት ግድ የላትም። እርጥብ አፈር ግን የግድ ነው። ዛፍ ወጪዋም ዛፍ ጠሊዋም የሚስማሙበት አንድ ነገር እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ።

አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ተብሎ ቁጥሩ ዓለምን አዳርሷል። እኔም ተክያለሁ። መሥሪያ ቤት በአውቶቡስ ጭኖ ወስዶን፣ ቲሸርት ለብሰን፣ ፎቶ ተነስተን ተመልሰናል። የእኔ ችግኝ ትኑር ትሙት አላውቅም። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የተጠየቅነው ስንት እንደተከልን ነው።

ዘመቻውን ለማጣጣል አይደለም። ወሎ ምን ያህል እንደተራቆተ ድርቁ አሳይቶናል። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በዚያ ግርግር ስንቱ ደንና ተክል እንደወደመ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ያለው የየጎፍ ደን ዛሬም ጥድና ወይራ ይዞ መቆሙ ራሱ ተመስገን የሚያሰኝ ነው። የእኔ ቅሬታ ቁጥሩ ላይ ነው። በችግኝ ብዛት ብቻ የሚለካ ሥራ ሁልጊዜ የሚያየው ተረተሩን ነው። ተረተር ሰፊ ነው፣ ጉድጓድ ለመደርደር ይመቻል፣ ፎቶም ያምርበታል። የጅረት ዳር ጠባብ ነው፣ ጠመዝማዛ ነው፣ ጭቃ ነው። አንድ ሺህ ሰው ሊቆምበት አይችልም። ስለዚህ ይዘለላል። ተዘልሎም ዝም ብሎ አይቀመጥ፤ ይታረሳል፣ ከብት ይረግጠዋል፣ አሸዋ ይዛቅበታል።

ደሴ አጠገብ ገራዶ ወርጄ ይኼን በዓይኔ አይቻለሁ። ከላይ ባሕር ዛፍ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ። ከባሕር ዛፉ ሥር መሬቱ ባዶ ነው፤ የደረቀ ቅጠልና ቅርፊት ብቻ፣ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ከዚያ ማሳ ይጀምራል። ማሳው የሚያልቀው ውሃው አፋፍ ላይ ነው፤ የመጨረሻው ትልም አፈር በቀጥታ ጅረቱ ውስጥ ይናዳል። በማሳውና በውሃው መሀል የቀረ ቦታ ፈልጌ ነበር። አንድ ቦታ ብቻ አገኘሁ። ትልቅ ቋጥኝ ስላለ ሞፈር ያልደረሰበት፣ ከሁለት ሰሌን የማይበልጥ ቦታ። ቅጠሉን በጣቴ ገለጥ ሳደርገው ሥሩ ቀዝቃዛና ጥቁር ነው፤ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ እንደ እርጥብ ቡና አተላ። ትል አለ፣ ቀንድ አውጣ አለ። ከማሳው ወዲህ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ያው አፈር ዱቄት ነው።

ባሕር ዛፍን መርገም ፋሽን ሆኗል፤ እኔ እዚያ ውስጥ የለሁበትም። በምኒልክ ዘመን ባይመጣ ኖሮ የቀረውን ጥድ ሁሉ አንድደን ጨርሰነው ነበር። የደሴ ቤት የቆመው በባሕር ዛፍ ነው። ገበሬው ለልጁ ደብተር የሚገዛው፣ ለሰርግ የሚደግሰው አጣናና ማገር ሸጦ ነው። አንድ ሰው ይኼን ንቀል ከተባለ ምትኩን መስጠት ያስፈልጋል። ግን ባሕር ዛፍ ቦታ አለው፤ የጅረት አፋፍ ቦታው አይደለም። ውሃ ወዳድ ዛፍ ምንጭ አናት ላይ መትከል ፍየልን ጎመን እንድትጠብቅ መቅጠር ነው። እዚያ ሾላ፣ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ደግሞም ማንም የማይተክለው ቁጥቋጦና ቄጠማ ቢኖር አፈሩ እርጥበቱን ይይዛል።

ዝናቡም እንደ ድሮው አይደለም። ደቡብ ወሎ የበልግ አገር ነው፤ በልጉ ሲከዳ ገበሬው ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል። አፈር ውስጥ ያለ እንቁላልም እንደ ገበሬው ሰማይ የሚያይ ነው። ሁለት ቀን ዘንቦ ለሦስት ሳምንት ቢጠፋስ? ጥላና ቅጠል ያለበት አፈር እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ገላጣው በአንድ ቀን ፀሐይ ሸክላ ይሆናል።

ከደሴ በታች ያለው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ቦርከና የደሴን እዳሪና ፌስታል ተሸክሞ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳው፣ ቢራው፣ ብረቱ። እ.ኤ.አ. በ2017 የኢንዱስትሪ ፓርክ ተጨምሮላታል። ሥራ ነው፣ እንጀራ ነው። በከተማዋ አልፈው ቦርከና የሚገቡት ትንንሽ ወንዞች ግን የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀበላሉ፤ ተመራማሪዎችም ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች ለክተውባቸዋል። ያ ውሃ እዚያ አይቆምም። ጨፋ ረግረግ ይገባል፣ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይለማበታል፣ መጨረሻው አዋሽ ነው። ቆዳዋ ወንፊት የሆነ ፍጥረት እዚህ ምን እንደሚገጥማት ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ፋብሪካውንም ብቻ አንወቅስ። ወንዝ ዳር ባጃጅ የምናጥብ፣ ዱቄት ሳሙና በጥብጠን ልብስ የምንዘፈዝፍ እኛ ነን። ሳሙና የእንቁራሪትን ቆዳ የሚያለሰልሰውን ልጋግ አጥቦ ይወስደዋል።

በመላው ዓለም ነገሩ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምገማ ከእንቁራሪትና ከዘመዶቿ ዝርያዎች 41 በመቶው የመጥፋት ስጋት አለባቸው። ከአዕዋፍም፣ ከአጥቢ እንስሳትም ይብሳል። አንዱ ምክንያት ቆዳቸውን የሚያጠቃ ፈንገስ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋም ተገኝቷል። ዋናው ግን መኖሪያ ማጣት ነው።

የእኛው የባሌ ታሪክ ይበቃል። ሐረና ደን ውስጥ፣ በጫካ ጅረት ዳር የምትኖር ኤሪካባትራከስ የምትባል ጥቃቅን እንቁራሪት አለች። ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ወደ መጀመሪያው ጅረት ሲመለሱ ዳሩ ተራቁቶ፣ ዛፉ ተቆርጦ ጠበቃቸው። እንቁራሪቷ ከዚያ ጠፍታለች፤ በብዙ ፍለጋ ሌላ ቦታ ጥቂት ተገኙ። የዚያው አካባቢ ኗሪ የሆነችው የኦስጉድ ጓጉንቸር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ያያት የለም። ሐረና ትልቅ ደን ነው። ከአውሮፕላን ሆናችሁ ብታዩት ዛሬም አረንጓዴ ነው። የተጎዳው ከላይ የማይታየው ነው፣ የጅረቱ ዳር።

ሰው ተርቦ፣ ኑሮ ተወድዶ፣ ስለ እንቁራሪት? የሚለኝ አይጠፋም። ተረቱም አለ፤ እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች። እንቁራሪቷን ዝሆን አላደርጋትም። ወባን ታጠፋለች፣ ቱሪስት ታመጣለች ብዬም አልዋሽም። የምለው ቀላል ነው። እንቁላሏን የምትቀብርበት ያ ቁራጭ መሬት የቀበሌውን ምንጭ የሚይዘውም እሱው ነው። ጎርፉን የሚያበርደው፣ ደለሉን የሚያስቀረው እሱው ነው። ደሴ ደግሞ የመሬት መንሸራተትና የጎርፍ ነገር የማይነገራት ከተማ ናት። ጅረት ዳር እንቁራሪት ማታ ከጮኸች ያ መሬት ገና ውሃ ይይዛል ማለት ነው። መሣሪያ አያስፈልግም፣ ጆሮ ይበቃል።

ምን ይደረግ ለሚል፣ እኔ ብሆን በቀጣዩ ክረምት የተከላ ዘመቻ አንድ ነገር ነበር የምቀይረው። አንድ ቀበሌ አንድ ጅረት ይምረጥ። ከሁለቱም ወገን ዐሥር እርምጃ ይከለል። ገበሬው ላጣት ትልም በሣር አጨዳና በንብ ቀፎ ይካካስለት። ከዚያ አይተከልበት! ቁጥቋጦው ራሱ ይመጣል፤ ካልመጣ ያን ጊዜ ይተከላል። በሪፖርት ላይ ባዶ ቁጥር ሆኖ ስለሚታይ ይኼን የሚያጸድቅ ኃላፊ ማግኘት ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ከተማ ውስጥ ደግሞ አሁን ወንዝ ዳር ማስዋብ መጥቷል። ጥሩ ነው። ግን ግንቡ ቀጥ ብሎ ባይቆም፣ ተዳፋት ቢሆን፣ በየመሀሉ አፈርና ሣር ቢተውለት፣ መብራቱም ሌሊቱን ሙሉ ውሃው ላይ ባይቦግግ ምን ይጎዳል? ማታ የሚጣራ ወንድ እንቁራሪት ጨለማ ይፈልጋል። እንደ ማንኛውም ሙሽራ።

ከገራዶ የተመለስኩት አመሻሽ ላይ ነው። ካፊያ ነበር። ያ ቋጥኝ አጠገብ ስልኬን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ድምፅ መቅጃውን ከፍቼ ነበር። ቤት ገብቼ፣ ቡና ተፈልቶ፣ አያቴ ጎን ተቀምጬ አሰማኋት። አሁን ጆሮዋ ደክሟል። መጀመሪያ ላይ ውሃው ብቻ ነው የሚሰማው። ቀጥሎ ዳገት ላይ የሚያቃስት ባጃጅ። ቀጥሎ የእኔ ሳል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ጊዜ፣ አጭር፣ እንደ ደረቅ በር የሚንቋረር ነገር አለ። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ ማዶ ሌላ መለሰላት።

አያቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። እንደገና አድርገው አለችኝ።